መቶ በመቶ ዝግጁ የሆነው ታንኳ

የሰው ልጅ ካገኛቸው ጥበቦች ሁሉ የሚልቀው የስብሰባ ጥበብ ነው። ይህን የምለው ለአፍ ያህል አይደለም። በደንገል ስፖርት ክለብ ውስጥ ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኜ ሃያ ሦስት ዓመት አገልግያለሁ። በነዚህ ዓመታት ቡድኑ ስንት ጊዜ እንደተሸነፈ የሚቆጥር ሌላ ክፍል አለ፤ ቦርዱ ግን አንድም ቀን ተሸንፎ አያውቅም። ስሜ ወልደ ጻድቅ ይባላል። ክለባችን ወደ ፕሪሚየር ሊግ ባደገበት ዓመት አዲሱን የውድድር ዘመን በምን ዓይነት ብልሃት እንደተቀበለው ለሚመጣው ትውልድ ጽፎ ማስተላለፍ የእኔ ድርሻ ነው።

ያደግነው በካሚል ነው። ካሚል ግብ ጠባቂያችን ነው፤ የቁንዝላ ልጅ፣ የታንኳ ሠሪው የአያ አደም የመጨረሻ ልጅ። ባለፈው ዓመት የመጨረሻ ጨዋታ፣ በዘጠና ሦስተኛው ደቂቃ የተመታብንን ፍጹም ቅጣት ምት በግራ እጁ ገፍቶ አወጣውና ባሕር ዳር ስትጮኽ አመሸች። በማግስቱ ቦርዱ ድሉን ያስገኘው የቦርዱ ቁርጠኛ አመራር መሆኑን የሚያበሥር መግለጫ አወጣ። የካሚል ስም አልተጠቀሰም። የምስጋናው ዝርዝር ከሰብሳቢው ጀምሮ በማዕረግ ወደ ታች ስለሚወርድ፣ ግብ ጠባቂው ጋ ሳይደርስ ወረቀቱ አለቀ።

አያ አደም ልጃቸው ሲጫወት አይተው አያውቁም። ካሚል የታንኳ መሥሪያውን ደንገል ማሰር ትቶ ኳስ መያዝ የጀመረ ጊዜ ሦስት ዓመት ሙሉ አኩርፈውታል። ባደግን ሳምንት ግን ልባቸው ራራና "ከትልቆቹ ጋር የቆምህ ቀን መጥቼ አይሃለሁ" ብለው ቃል ሰጡት። ልጁ ይህን ለእኔ ሊነግረኝ ቢሮ ድረስ መጣ።

"ጋሸ ወልደ ጻድቅ፣ አባየ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው ሲያዩኝ ይታይዎታል?" አለኝ።

"ይታየኛል" አልሁት። እውነትም ታየኝ።

የዝግጅቱ ስብሰባ የተጠራው በነሐሴ ነው። የቦርዳችን ሰብሳቢ አቶ ዓምደ ሚካኤል ናቸው፤ ሰላምታ እንኳ ሲሰጡ በሦስት ነጥብ ከፍለው የሚሰጡ ሰው ናቸው። አሰልጣኛችን አካሉ እጁን አወጣ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ሦስት ነገር እፈልጋለሁ። አንድ አጥቂ፣ ለካሚል አንድ ጥንድ ጓንት፣ ጠዋት ጠዋት ከብት የማይገባበት ሜዳ።"

"እነዚህ ዝርዝር ናቸው" አሉ ሰብሳቢው። "ወደ ዝርዝር አንግባ። ዋናው ጥያቄ ቡድኑ በመክፈቻው ቀን በምን ይመጣል? የሚለው ነው።"

"በእግሩ ነዋ! ተጫዋቾቹ ያሉበት ቤት ከስታዲየሙ በር የስድስት ደቂቃ መንገድ ነው።"

ሰብሳቢው በሐዘን ተመለከቱት። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ፤ መነጽር ከወለቀ ታሪክ ሊሠራ ነው ማለት ነው።

"ሌላው ክለብ በአውቶቡስ ይመጣል፤ ይምጣ። እኛ የጣና ልጆች ነን! የደንገል ስፖርት ክለብ የመጀመሪያ ጨዋታውን ለማድረግ ከነቦርዱ፣ በአንድ ታንኳ፣ በሐይቁ ላይ ተጉዞ ይመጣል!"

"ከስታዲየሙ አጠገብ ያሉትን ልጆች ማን ሐይቁ ድረስ ይወስዳቸዋል?" አለ አካሉ።

"አውቶቡስ።"

በቃለ ጉባኤው ላይ "ረጅም ጭብጨባ" ብዬ አሰፈርሁ። ካጨበጨቡት አንዱ እኔ ነኝ።

በሳምንቱ ዘጠኙ የቦርድ አባላት ባለሙያ ለማማከር አያ አደም ከሚሠሩበት የሐይቁ ዳርቻ ተገኙ። ሽማግሌው ደንገል እያሰሩ ነበር፤ እጃቸውን በኩታቸው ጠርገው ተቀበሉን።

"ስንት ሰው ነው የሚጫነው?" አሉ።

"ተጫዋቾች፣ ቦርዱና አሰልጣኙ፤ ሃያ አንድ" አሉ ሰብሳቢው።

"በአንድ ታንኳ? ይኸማ ታንኳ አይደለም፣ መንደር ነው። የኔን ምክር ከሰሙኝ በዋዜማው ይምጡ። ደረቅ ደንገል አለኝ፤ ከወንድሞቼ ልጆች ጋር ሆኜ አሥራ አንድ ታንኳ እሠራለሁ። ሁለት ሁለት እየሆኑ በሰላም ይሄዳሉ።"

"ሁለት ሁለት ከሆኑ የቡድን መንፈሱ ይከፋፈላል። ደግሞ በዋዜማ መሥራት የዝግጅት ጉድለት ነው። እኛ ቀድመን ነው የምንጨርስ። ታንኳው ከአሁኑ ይሠራ፤ ተሠርቶም እስከ መክፈቻው ድረስ ሕዝብ እንዲያየው ውኃው ላይ ይቀመጥ።"

አያ አደም የያዙትን ገመድ ጣሉት።

"ወላሂ አይሆንም! ታንኳ እኮ ውኃ ይጠጣል። ደርሶ ሲመለስ ከውኃ ይወጣል፣ ይቆማል፣ ፀሐይ ይመታዋል። ይኸን ከአባቴ አየሁ፣ አባቴም ከአባቱ። አርባ ቀን ውኃ ላይ ያደረ ደንገል ይበሰብሳል፤ ሰው ሲወጣበት ይሰጥማል።"

"ሐሳብዎን በአዎንታ ወስደነዋል" አሉ ሰብሳቢውና ወደ እኔ ዞሩ። "ጻፍ።"

ጻፍሁ። "ባለሙያው ተማክሮ ተስማምቷል።"

አያ አደም ከብዙ ልመና በኋላ ታንኳውን ሠሩት። "ለልጄ ስል ነው" አሉኝ፣ "ቀኑ እንዳይበላሽበት።" ሃያ ሁለት ክንድ ነበር። ያን ያህል ታንኳ በጣና ላይ ታይቶ እንደማያውቅ ሰብሳቢው በመግለጫ አረጋገጡ። ከዳርቻው ጉልበት በማይሞላ ውኃ ላይ በወፍራም ገመድ ታሰረ፤ ዘበኛም ተቀጠረለት። እኔም በየሳምንቱ ሪፖርት እጽፍ ጀመር። በመጀመሪያው ሳምንት "የታንኳው ዝግጁነት መቶ በመቶ ደርሷል" አልሁ። በሁለተኛው ሳምንት ጠርዙ በአንድ ስንዝር ዝቅ ማለቱን አየሁና "ታንኳው ከሐይቁ ጋር ያለው ቅርበት ጨምሯል" ብዬ አከልሁበት። በአራተኛው ሳምንት "ትስስሩ እጅግ ጠብቋል" የሚለው ቃል ተመረጠ። ሰብሳቢው ሪፖርቱን ሲያነቡ ደስ ብሏቸው ለጎረቤት ክለብ ልምድ እንዲካፈል አዘዙ።

አያ አደም ሁለት ጊዜ ከወንድሞቻቸው ልጆች ጋር መጥተው ታንኳውን አውጥተው ሊያደርቁት ሞከሩ። ዘበኛው ከለከላቸው። በሁለተኛው ጊዜ "በዝግጁነታችን ላይ ስለተቃጣው ድርጊት" የሚል የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ተጻፈላቸው። ደብዳቤውን የወሰድሁላቸው እኔ ነኝ። አንብቤላቸው ስጨርስ ለደንገል ማሰሪያ አደረጉት።

ልምምዱም ተለወጠ። በሜዳው ላይ የታንኳው ቅርጽ በኖራ ተሠመረና ተጫዋቾቹ በአንድ ፊሽካ መቀመጥ፣ በሁለት ፊሽካ እጅ ማውለብለብ ያዙ። በሦስተኛው ሳምንት አካሉ ትዕግሥቱ አለቀ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ኳስስ መቼ ነው?"

"ኳስ ያለው ሜዳ ላይ ነው። ወደ ሜዳ የሚወስደን ታንኳው ነው። ቅደም ተከተል ይከበር!"

ስድስቱ ተቀያሪዎች በታንኳው ላይ ቦታ አልተገኘላቸውም። ሥራ ስለሌላቸው አንዲት አሮጌ ኳስ ይዘው ከከብቶቹ ጋር በሜዳው ጥግ ሲጫወቱ ይውሉ ነበር። ቦርዱ ይህን እያየ ስለ ወጣቱ ትውልድ የዓላማ ማጣት በጣም ያዝናል።

ካሚል የሐይቅ ልጅ ስለሆነ ቀዛፊ ተደረገ። ቀዛፊ ቆሞ ነው የሚቀዝፈው፤ ለቆመ ሰው መቀመጫ አያስፈልግም። ስለዚህ በአቀማመጥ ዝርዝሩ ላይ የእሱ የነበረው መቀመጫ ቁጥር አንድ ለድምፅ ማጉያው ተሰጠ። የጓንቱም ጥያቄ በዚያው ተዘጋ፤ ጓንት የቀርከሃ መቅዘፊያ ላይ እንደሚያንሸራትት በጥናት ተደርሶበታልና።

"በዕለቱ በሩ ላይ የሚቆመው ማነው?" ብሎ ጠየቀ ካሚል።

"አንተው ነህ" አሉት ሰብሳቢው። "ቀዝፈህ ስትጨርስ።"

ቀኑ ደረሰ። በጥቅምት፣ በእሑድ፣ ጨዋታው ለዘጠኝ ሰዓት ተቀጥሮ፣ ተጋጣሚያችንም ያለፈው ዓመት ሻምፒዮን ሆኖ። ስድስቱ ተቀያሪዎች ክብሩ ስለማይመለከታቸው በሁለት ባጃጅ ተጭነው ወደ ስታዲየም ተላኩ። እኛ ባለክብሮቹ በአውቶቡስ ሆነን ወደ ሐይቁ ስንሄድ መንገዳችን በስታዲየሙ በር በኩል ነበር። አያ አደም ነጭ ጀለቢያ ለብሰው፣ ቆባቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመዋል። ከሁሉ ሰው ቀድመው ነው የመጡት። ካሚልን በመስኮት አዩትና እጃቸውን አነሡ። አውቶቡሱ አልቆመም። እጃቸውን እንዳነሡ ወደ ኋላ ቀሩ። አፈርሁ፤ ማስታወሻዬን ገልጬ ያልተጻፈበትን ገጽ ሳነብ ቆየሁ።

በሰባት ሰዓት ተኩል ሁሉም በየቁጥሩ ታንኳው ላይ ተቀመጠ። ካሚል ከኋላ መቅዘፊያውን ይዞ ቆመ፤ እኔ ጠርዙ ላይ ተንጠለጠልሁ። የሰብሳቢው ንግግር ተጀመረ። ቃለ ጉባኤው በእጄ ስላለ እንዳለ እገለብጠዋለሁ።

"7፡40፤ ሰብሳቢው ስለ ክለቡ አመሠራረት አወሱ። ውኃው ከጫማ ማሰሪያ ደርሷል። 8፡00፤ ስለ ክለቡ ራእይ አብራሩ። ውኃው ከቁርጭምጭሚት አልፏል። 8፡20፤ በማዕበል ውስጥ ስለ መጽናት መከሩ። የተቀመጡት እስከ ወገባቸው ገብተዋል።"

ምክትል ሰብሳቢው አቶ ወልደ ሐዋርያት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ እየሰጠምን ይመስለኛል።"

"ይመስለኛል በስብሰባ ላይ አይሠራም። ማስረጃ አለዎት?"

"ሱሪዬ።"

"ሐይቁ ሞልቶ ይሆናላ!"

በዚህ ጊዜ መቀመጫ ቁጥር አንድ ላይ የነበረው ድምፅ ማጉያ እንደ ታመመ በሬ አንድ ጊዜ ጮኾ ዝም አለ። ካሚል መቅዘፊያውን ውኃው ውስጥ ሰደደው።

"ጋሸ፣ ታንኳው መሬት ነክቷል። ደግሞ ገመዱ አልተፈታም" አለ።

"የገመድ መፍታት ሥነ ሥርዓቱ ተራ ቁጥር አሥራ አራት ላይ ነው" አሉ ሰብሳቢው። "ገና ስምንት ላይ ነን።"

ልብ በሉ፤ ሰዎቹ ቢነሡ ውኃው ጉልበታቸውን አይሞላም። ነገር ግን በዝርዝሩ የተመዘገበ ማንም ሰው ያለ ቦርዱ ውሳኔ ከቦታው እንዳይነሣ ተወስኗል፤ ስለዚህ በሥርዓት ተቀምጠው እስከ ደረታቸው ረጠቡ። ያን ያህል ሥርዓት ያለው ቡድን በሊጉ ውስጥ የለም።

ስምንት ሰዓት ከሃምሳ ሲሆን አሰልጣኙ ከራሱ በላይ ከፍ አድርጎ የያዘው ስልክ ጠራ። ከተቀያሪዎቹ አንዱ ነው።

"አሰልጣኝ፣ የት ናችሁ? ኮሚሽነሩ ሰባት ካልሞላችሁ ጨዋታው አይጀመርም፣ ሦስት ለዜሮ ተሸንፋችኋል ተብሎ ይጻፋል እያሉ ነው። እኛ ስድስት ነን። ግብ ጠባቂም የለን!"

ካሚል መቅዘፊያውን ለቀቀ። "ልሂድ" አለ። "አባየ እየጠበቁኝ ነው። እባካችሁ፣ ልሂድ።"

ሰብሳቢው እጃቸውን አነሡ። "ማንም አይነሣም! አስቸኳይ ስብሰባ ከፍቻለሁ። ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። አጀንዳ አንድ፤ ታንኳው ሰጥሟል ወይስ አልሰጠመም?"

ልጁን አየሁት። ቀና ብሎ ወደ ስታዲየሙ በኩል ያያል። በአዳራሹም በሐይቁም በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ በስብሰባ ላይ አፌን ከፍቼ አላውቅም ነበር። ያን ቀን ከፈትሁ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ለሥነ ሥርዓት ነው። ካሚል አደም በአቀማመጥ ዝርዝሩ ውስጥ የለም። መቀመጫ ቁጥር አንድ ድምፅ ማጉያው ነው።"

ሰብሳቢው ዝርዝሩን ከኪሳቸው አወጡ፤ ርሷል፤ ቢሆንም አነበቡት።

"የለም" አሉ በመጨረሻ። ሰው የፈለገውን ይበል እንጂ ሰውየው ለወረቀት ታማኝ ናቸው። "በዝርዝሩ የሌለ ሰው እዚህ እንዳልነበረ ይቆጠራል። አንተስ?"

"እኔም የለሁበትም። ጠርዝ ላይ ነኝ።"

"አንተም አልነበርህም።"

እንዳልነበርን ሆነን ሮጥን። የካሚል ታኬታ አውቶቡሱ ውስጥ ቀርቷል፣ አውቶቡሱ ደግሞ ሹፌሩን ይዞ ምሳ ሄዷል። የነጠላ ጫማው አንዱ ጭቃው ውስጥ ቀረ፤ አንዱን እሱ ራሱ ወረወረው። አንድ ባጃጅ አገኘን። ባለባጃጁ ከላይ እስከ ታች ካየን በኋላ "ከየት ነው የምትመጡ?" አለ።

"ከክብር" አልሁት። "ንዳው!"

ዳኛው ሰዓቱን እያየ ሳለ ደረስን። ኮሚሽነሩ እርጥቡንና ባዶ እግሩን ልጅ አዩት። ከተቀያሪዎቹ አንዱ ትርፍ ታኬታውን ወረወረለት፤ በአንድ ቁጥር ይጠበው ነበር።

"ጓንትህስ?" አሉት ኮሚሽነሩ።

"ጓንት ላይ ቦርዱ አልወሰነም።"

ሰባት ሞላን። እኔ ሄጄ ከአያ አደም ጎን ተቀመጥሁ። ሽማግሌው ጀለቢያቸው ላይ እንዳልንጠባጠብባቸው ብለው አልሸሹኝም።

"ሰጠመ?" አሉኝ።

"ሰጠመ።"

"አላህ ይይላቸው" አሉና ዐይናቸውን ወደ ሜዳው መለሱ።

ሻምፒዮኖቹ በአሥራ አንድ ሆነው መጡብን። የኛዎቹ ስድስቱ ግን አርባ ቀን ሙሉ በከብት መካከል ኳስ ሲያሳልፉ የከረሙ ናቸው፤ ሻምፒዮኖቹ ከከብት ይልቅ ለማለፍ ቀለሏቸው። የቀረውን ካሚል ተሸከመ። በግራ፣ በቀኝ፣ በደረቱ፣ አንዴም በፊቱ። አያ አደም ኳሱ በተመታ ቁጥር ኩታዬን ይጨመድዱታል።

"ምን አድርጓቸው ነው ልጄን እንዲህ የሚመቱት?"

"እሱን አይደለም አያ አደም፣ በሩን ነው።"

"በሩ ላይ ያለው እሱ አይደለም እንዴ!"

በመጨረሻው ደቂቃ የማእዘን ምት ተሻማ፤ አንድ ረጅም ሰው በግንባሩ ገጨው። ካሚል እንደ ሐይቅ ልጅ ጠለቀና በሁለት ባዶ እጁ ኳሱን ከመስመሩ ላይ አቅፎ ቀረ። ፊሽካው ተነፋ። ዜሮ ለዜሮ። አያ አደም ተነሥተው ቆመው "የኔ ነው! ያ ልጅ የኔ ነው!" እያሉ ለማያውቁት ሰው ሁሉ ይነግሩ ጀመር። አለቀሱ፤ እኔም አለቀስሁ። ይህ በቃለ ጉባኤ አልሰፈረም።

በዚያው ሰዓት ሐይቁ ውስጥ አጀንዳ አንድ በአምስት ድጋፍ፣ በአራት ተቃውሞ ተወስኖ ነበር። ታንኳው አልሰጠመም፤ "በከፊል ውኃ ውስጥ ያለ" ሆኗል። ከዚያ በኋላ ሁሉም እንዲነሡ ተፈቀደ።

በማክሰኞው ስብሰባ ቦርዱ ውጤቱን በጥልቀት ገመገመ። ክለቡ ሻምፒዮኑን ነጥብ ያስጣለው ቦርዱ ሙሉውን ጨዋታ ከታንኳው ላይ ሆኖ በብቃት ስለመራ መሆኑ ታወቀ። ታንኳው በሌለበት የምስጋና የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ካሚል መቅዘፊያ ጥሎ በመሄዱ ማስጠንቀቂያ ተጻፈበት። ሆኖም ያለ እሱ ታንኳው ከቦታው እንዳልተንቀሳቀሰ ስለተረጋገጠ ቋሚ ቀዛፊ ሆኖ ተሾመ። "ቀዛፊው ታንኳው በውኃ ላይ በዋለ ጊዜ ሁሉ ከግብ ጠባቂነት ነጻ ይሆናል" ይላል ደብዳቤው፤ በእኔ እጅ ነው የተጻፈው። ቀጥሎም በየጨዋታው ታንኳ እንዲኖር፣ ለሚቀጥለው ጨዋታ ደግሞ ከፊተኛው የሚበልጥ እንዲሠራ ተወሰነ። ባለሙያውን አማክሬ እንድመለስ ታዘዝሁ።

እግሬ እየጎተተኝ ሄድሁ። አያ አደም ደብዳቤውን እስክጨርስ ድረስ ደንገላቸውን እያሰሩ ሰሙ። የልጃቸው ሹመት ጋ ስደርስ እጃቸው ቆመ።

"ሁለተኛ በሩ ላይ አይቆምም ማለት ነው?" አሉ። "አንድ ቀን ብቻ አየሁት እኮ።"

ደብዳቤውን አጠፍሁት። እሳቸው እንደገና ጠየቁኝ።

"የሚቀጥለው ጨዋታ የት ነው?"

"ድሬዳዋ።"

"ድሬዳዋ ሐይቅ አለ?"

"የለም። ታንኳው በጭነት መኪና ይሄድና ከሜዳው ዳር ይቀመጣል፤ ቦርዱ ላዩ ላይ ይቀመጥበታል።"

"ታዲያ ካሚል ምኑን ነው የሚቀዝፈው?"

ደብዳቤውን መልሼ ዘረጋሁት። ታንኳው በውኃ ላይ በዋለ ጊዜ ሁሉ። ራሴ የጻፍሁትን ዐረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ አነበብሁት።

"ውኃ ከሌለማ" አልሁ፣ "በሩ ላይ ይቆማል።"

አያ አደም ቀስ ብለው ፈገግ አሉ። ከአጠገባቸው ያለውን ደረቅ ደንገል በእጃቸው መታ መታ አደረጉት።

"ስንት ክንድ ነው የፈለጉ?"

"ሃያ አምስት።"

"ሠላሳ እሠራላቸዋለሁ። ዛሬውኑ ልጀምር። ከመኪናው ላይ እንዳይወርድ ብቻ ንገርልኝ፤ አገር ላገር ይዙሩበት።"

ብዕሬን አውጥቼ "ባለሙያው ተማክሮ ተስማምቷል" ብዬ ጻፍሁ። በሃያ ሦስት ዓመት ውስጥ በቃለ ጉባኤያችን ላይ የሰፈረ የመጀመሪያው እውነት ይህ ነው።